ዓይንን የማያታልል ስክሪን፦ ለፎቶ ሥራ የሚሆን ሞኒተር በመጠነኛ ዋጋ መምረጥ

ሪያድ፣ ዐዚዚያ — በደቡብ ሪያድ የሚገኘው የዐዚዚያ ሰፈር ለብዙ ኢትዮጵያውያን የመነሻና የመድረሻ ሥፍራ ነው። ወደ ሌሎች የመንግሥቱ ከተሞች የሚሄዱ አውቶቡሶች ጣቢያ በዚያ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 አገልግሎት የጀመረው የሪያድ ሜትሮ ሰማያዊ መስመርም ከዑለያ ወርዶ፣ በበጥሓና በመንፉሓ አልፎ ዐዚዚያ ይደርሳል። በእነዚህ ሰፈሮች ከሚኖሩት አማርኛ ተናጋሪዎች መካከል የፎቶግራፍን ሙያ በትርፍ ጊዜያቸው የሚማሩ፣ የዘመድ ወዳጅን ኒካሕና የዒድ መሰባሰብ የሚያነሱ፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱም ፎቶ ቤት ከፍተው ለመኖር የሚያስቡ ወጣቶች አሉ።

ካሜራው በብዙ ቁጠባ ይገዛል። ሌንሱም ከወራት በኋላ ይጨመራል። ፎቶው የሚስተካከልበት ሞኒተር ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ሒሳብ ይይዛል፤ የተገኘው ሁሉ ይበቃል ተብሎ ይታለፋል። ውጤቱ የሚታወቀው የኒካሑ አልበም ታትሞ ሲመጣ ነው። በስክሪኑ ላይ ብሩህ የነበረው የሙሽራይቱ ፊት በወረቀቱ ላይ ጠቁሮ፣ ወይም ወደ ቀይና ወደ ብጫ አድልቶ ይገኛል። በሠርጉ ላይ መገኘት ያልቻሉት እናትና አባት በደሴ፣ በጅማ ወይም በከሚሴ ሆነው ልጃቸውን የሚያዩት በዚያ አልበም ነው። ዳግም ማሳተም ገንዘብ ይጠይቃል፤ የደንበኛ እምነት ግን አንዴ ከሄደ በገንዘብ አይመለስም።

ስለዚህ ጥያቄው “ከሁሉ የሚበልጠው ሞኒተር የትኛው ነው?” የሚል አይደለም። በልክ ባለ ገንዘብ፣ እውነቱን የሚናገር ሞኒተር እንዴት ይመረጣል? የሚለው ነው።

ምስክሩ ሲዋሽ

በካሜራ ውስጥ ያለ ፎቶ በመሠረቱ የቁጥር ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ወይም ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ቀለም የተሰጠ ቁጥር አለው። እነዚህን ቁጥሮች ወደ ብርሃን ቀይሮ ለዓይን የሚያሳየው ሞኒተሩ ነው። ሞኒተሩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ ባለሙያው ምስሉ የቀዘቀዘ ይመስለውና ብጫ ይጨምርበታል። በስክሪኑ ላይ ምስሉ የተስተካከለ ይመስላል፤ ፋይሉ ግን ተበላሽቷል። ባለሙያው ያረመው የፎቶውን ስሕተት ሳይሆን የሞኒተሩን ስሕተት ነውና።

ከሁሉም የሚበዛው ችግር የብርሃን ነው። አዳዲስ ሞኒተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ በሱቅ መደርደሪያ ላይ እንዲያበሩ ተደርገው ይስተካከላሉ፤ ድምቀታቸውም ብዙውን ጊዜ በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 350 ካንዴላ ይደርሳል። ለኅትመት የሚዘጋጅ ፎቶ ግን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ባለ ድምቀት ቢሠራ ይመረጣል። ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም፤ የወደቀበትን መልሶ ያንጸባርቃል እንጂ። እጅግ በደመቀ ስክሪን ላይ የተሠራ ፎቶ ሲታተም የሚጨልመው ስለዚህ ነው። አታሚው ጥፋተኛ ተደርጎ በሚወቀስበት ብዙ ጊዜ፣ ጥፋቱ ያለው በሞኒተሩ የድምቀት ቁልፍ ላይ ነው።

የፊት ቀለም ያለፈበት መንገድ

ይህ ነገር ለሐበሻ ፊት ልዩ ትርጉም አለው። በፊልም ዘመን የኮዳክ ኩባንያ የፎቶ አጣቢዎች ማሽናቸውን የሚያስተካክሉበት የማነጻጸሪያ ካርድ ያሰራጭ ነበር። በካርዱ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ስትሆን፣ ካርዱም ሸርሊ በተባለች የኩባንያው ሠራተኛ ስም “የሸርሊ ካርድ” ተብሎ ተጠራ። ለአሥርት ዓመታት በዓለም ዙሪያ የነበሩ ማጠቢያ ቤቶች “ትክክለኛ” የፊት ቀለም የሚሉት ከዚያች ሴት ፊት ጋር የሚስማማውን ነበር። ጠይምና ጥቁር ፊቶች በዚያ መለኪያ ሲታጠቡ ዝርዝራቸውን አጥተው፣ ዓይንና ጥርስ ብቻ ጎልተው ይወጡ ነበር።

ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ ፊልሙ ቡናማ ቀለሞችን ለይቶ እንዲያሳይ ኩባንያውን ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙባቸዋል። የእንጨቱን ዓይነትና የቸኮሌቱን ልዩነት ፎቶው አላሳይ ስላላቸው ቅሬታ አቀረቡ። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸውን ሴቶች በአንድ ላይ የያዘው ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው።

ዛሬ የማነጻጸሪያ ካርዱ ሥራ ወደ ሞኒተሩ ተላልፏል። በቡናማና በጥቁር ቀለም መካከል ያለውን ረቂቅ ልዩነት የማያሳይ ስክሪን ያንኑ የቀድሞ ጉድለት በአዲስ ዕቃ ይደግመዋል። የጠይምን፣ የቀይ ዳማንና የጥቁርን ፊት በአንድ የቤተሰብ ፎቶ ላይ እያንዳንዱን በራሱ መልክ ማቆየት የሚቻለው ስክሪኑ እነዚህን ልዩነቶች ለይቶ ሲያሳይ ብቻ ነው።

ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ፓነል

በገበያ ላይ የሚገኙት መጠነኛ ዋጋ ያላቸው ሞኒተሮች በአብዛኛው ከሦስት የፓነል ዓይነቶች በአንዱ የተሠሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ቲኤን ይባላል። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ተመልካቹ ጭንቅላቱን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግ የምስሉ ቀለምና ብርሃን ይለወጣል። በአንድ ስክሪን ላይ የላይኛውና የታችኛው ክፍል የተለያየ ሆኖ ከታየ የፎቶውን ብርሃን መዳኘት አይቻልም። ለፎቶ ሥራ አይመከርም።

ሁለተኛው ቪኤ ነው። ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ በብርሃኑና በጨለማው መካከል ያለው ልዩነት ወይም ኮንትራስት ብዙውን ጊዜ 3000 ለ 1 ይደርሳል። ለፊልም ተመልካች መልካም ነው። ከጎን ሲታይ ግን ጥቁር አካባቢዎች ይለዋወጣሉ።

ሦስተኛው አይፒኤስ ነው። የጃፓኑ ሂታቺ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ያበቃው ይህ ዓይነት እስከ 178 ዲግሪ ድረስ ከየአቅጣጫው ሲታይ ቀለሙን ብዙም አይለውጥም። ኮንትራስቱ ብዙውን ጊዜ 1000 ለ 1 አካባቢ በመሆኑ ጥቁሩ እንደ ቪኤ አይጠልቅም፤ ቢሆንም ቀለሙ የተረጋጋ ነው። ቀድሞ እጅግ ውድ የነበረው አይፒኤስ ዛሬ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል። ለፎቶ ሞኒተር የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው “አይፒኤስ ነውን?” የሚል ይሁን።

በመቶኛ የሚነገሩ ቁጥሮች

ሁለተኛው ጥያቄ የቀለም ስፋት ነው። ኤስአርጂቢ የሚባለው የቀለም ወሰን እ.ኤ.አ. በ1996 በኤችፒና በማይክሮሶፍት ተዘጋጅቶ በ1999 ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆነ። በስልክ የሚላኩ ፎቶዎችና ብዙዎቹ የፎቶ ማተሚያ ቤቶች የሚቀበሏቸው ፋይሎች በዚህ ወሰን ውስጥ ናቸው። ስለዚህ መጠነኛ ገንዘብ ላለው ገዢ ዒላማው ግልጽ ነው፤ ኤስአርጂቢን ሙሉ በሙሉ ወይም ወደዚያ በተጠጋ መጠን የሚያሳይ ሞኒተር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚጠይቅ የአጻጻፍ ስልት አለ። አንዳንድ ካርቶኖች “72 ከመቶ ኤንቲኤስሲ” የሚል ይጻፍባቸዋል። ኤንቲኤስሲ የቆየ የአሜሪካ ቴሌቪዥን መለኪያ ሲሆን፣ የእሱ 72 ከመቶ በስፋት ከኤስአርጂቢ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ቁጥሩ ያነሰ ቢመስልም መልካም ነው። “45 ከመቶ ኤንቲኤስሲ” የሚል ከተጻፈበት ግን ስክሪኑ የኤስአርጂቢን 63 ከመቶ ያህል ብቻ የሚያክል ስፋት አለው ማለት ነው፤ በርካሽ ላፕቶፖች ላይ ይህ የተለመደ ነው። የሠርግ አበባና የጥልፍ ቀለም በዚህ ስክሪን ላይ ደብዝዞ ስለሚታይ ባለሙያው ሳያውቅ ቀለም ያበዛበታል።

አዶቤ አርጂቢ የሚባለው ሰፊ ወሰን ደግሞ ለከፍተኛ ኅትመት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው። የቀለም አስተዳደርን በሚገባ ያላወቀ ሰው ከገዛው፣ ተራ ፎቶዎች ከልክ በላይ ደምቀው ይታዩትና እንደገና ወደ ስሕተት ይገባል። ለጀማሪ ሰፊ ወሰን ከመግዛት በልክ የሆነውን በትክክል መያዝ ይሻላል።

ትክክለኛነት የሚለካው ዴልታ ኢ በሚባል ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በተፈለገው ቀለምና በታየው ቀለም መካከል ያለውን ርቀት ያመለክታል፤ ባነሰ ቁጥር ስክሪኑ የበለጠ ታማኝ ነው። ከ2 በታች ከሆነ ልዩነቱን ተራ ዓይን በቀላሉ አይለየውም። እንዲሁም ባለ 8 ቢት ፓነል 16.7 ሚሊዮን ቀለሞችን ያሳያል፤ ባለ 6 ቢት ፓነል በራሱ የሚያሳየው 262,144 ብቻ ሲሆን የቀረውን በፍጥነት በማፈራረቅ ያስመስላል። የሰማይ ወይም የግድግዳ ቀለም ቀስ በቀስ በሚለወጥበት ፎቶ ላይ መስመር መስመር ሆኖ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

እንደ ምሳሌ የሚጠቀሱ አሉ። አሱስ በፕሮአርት ስም ከሚያወጣቸው መካከል ባለ 24.1 ኢንቹ ፒኤ248ኪውቪና ባለ 27 ኢንቹ ፒኤ278ኪውቪ ኤስአርጂቢን በሙሉ እንዲሸፍኑና ዴልታ ኢያቸው ከ2 በታች እንዲሆን ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የዴል አልትራሻርፕ ተከታታይም በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የቤንኪው ኤስደብልዩ ተከታታይ ለፎቶግራፍ ተለይቶ የተሠራ ሲሆን በዋጋ ከፍ ይላል። ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ ገዢው የሚጠይቃቸው ነገሮች ግን ያው ናቸው።

መጠንና ጥራት

ትልቅ ስክሪን ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። 1920 በ1080 ፒክስል ያለው ባለ 24 ኢንች ሞኒተር በአንድ ኢንች ላይ 92 ያህል ፒክስል አለው። ይኸው የፒክስል ብዛት በ27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ወደ 82 ይወርዳል፤ ምስሉም ይሻክራል። ለ27 ኢንች የሚስማማው 2560 በ1440 ነው፤ ይህም በኢንች 109 ፒክስል ያህል ይሰጣል። ገንዘቡ ለሁለተኛው ካልበቃ፣ ባለ 24 ኢንቹን በመልካም ፓነል መግዛት ባለ 27 ኢንቹን በደካማ ፓነል ከመግዛት ይበልጣል። በጋራ ክፍል ውስጥ ለሚኖርና ጠረጴዛው ጠባብ ለሆነ ሰውም ይኸው ይስማማዋል።

ለጨዋታ የሚፈለገው ከፍተኛ ፍጥነት ለቆመ ምስል ምንም አይጨምርም። የታጠፈ ስክሪንም የሕንፃንና የአልበም ገጽን ቀጥ ያለ መስመር ለመዳኘት አይመችም። ለእነዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለቀለሙ ቢውል ይሻላል።

በገበያው ፊት

ዕቃው በታላላቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች፣ በዑለያ የኮምፒውተር ገበያና በኢንተርኔት ይሸጣል። ገዢው ዋጋ ሲያነጻጽር እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2020 ጀምሮ 15 ከመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ መካተቱን ያረጋግጥ። ታክስ ሳይጨምር 500 ሪያል የተባለ ዕቃ በመጨረሻ 575 ሪያል ነው። ደረሰኙን መቀበልና መጠበቅ ግዴታ ነው ሊባል ይችላል፤ የዋስትና ጥያቄ ያለ ደረሰኝ አይነሣምና።

በኢንተርኔት ለሚገዛ ሰው የሳዑዲ የኤሌክትሮኒክስ ንግድ ሕግ ጥበቃ ያደርጋል። ገዢው ዕቃውን ሳይጠቀምበት፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በ7 ቀናት ውስጥ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ቅሬታ ያለው ሰው በ1900 ስልክ ቁጥር ለንግድ ሚኒስቴር ማመልከት ይችላል።

ገንዘቡ ለአዲስ ያልበቃ ሰው ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይሄዳል፤ በሪያድ የታወቀው የሐራጅ ኢብን ቃሲም ገበያ ለብዙዎች የመጀመሪያ አማራጭ ነው። ከቢሮዎች የወጡ አይፒኤስ ሞኒተሮች በእንዲህ ያለ ሥፍራ ሊገኙ ይችላሉ። ነገር ግን የሞኒተር የኋላ ብርሃን በአገልግሎት ዘመን ይደክማል፤ ነጩም ወደ ብጫ ሊያደላ ይችላል። ሻጩ የሚያውቀውን ነውር መግለጽ እንዳለበት፣ ገዢውም በሽያጩ ጊዜ የነበረና የተሰወረ ነውር ካገኘ ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለው በሸሪዓ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው፤ ይህም “ኺያሩል ዐይብ” ይባላል። ቢሆንም ከክርክር ምርመራ ይቀድማል። በሰው አገር፣ በማይታወቅ ሻጭ ዘንድ፣ ዓይንን ከፍቶ መግዛት ብልህነት ነው።

በዓባያና በነጠላ መፈተን

ከመክፈል በፊት በዩኤስቢ የተያዙ ጥቂት ምስሎች ብዙ እውነት ያወጣሉ። ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴና ሙሉ ሰማያዊ ገጾች የሞቱ ፒክስሎችን ያጋልጣሉ። በጥቁሩ ገጽ ላይ ከጠርዝ የሚፈስ ብርሃን ይታያል። በነጩ ላይ ደግሞ አንዱ ጥግ ከሌላው መጥቆሩ ወይም መቅላቱ ይለያል።

ከዚያ ገዢው ራሱ ያነሣቸውን ሦስት ፎቶዎች ይክፈት። አንደኛው የጥቁር ዓባያ ፎቶ ነው። የጨርቁ እጥፋት ካልታየና ሁሉም አንድ ጥቁር ጉድጓድ ከሆነ ስክሪኑ ጥቁሩን ይውጣል። ሁለተኛው የነጭ ነጠላ ወይም የነጭ ጀለቢያ ፎቶ ነው። የሽመናው ክርና የስፌቱ መስመር ከጠፋ ስክሪኑ ነጩን ያቃጥላል። ሦስተኛው የተለያየ መልክ ያላቸው ሰዎች በአንድ ላይ የቆሙበት ፎቶ ነው። በጥሩ ማተሚያ ቤት የታተመ ቅጂው በእጅ ቢያዝና ከስክሪኑ ጋር ጎን ለጎን ቢታይ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

በቤት ውስጥ

ሞኒተሩ ቤት ከገባ በኋላ ሥራው ይጀምራል። በምርጫ ዝርዝሩ ውስጥ “ኤስአርጂቢ” የሚል ሁኔታ ካለ ይመረጥ። ብርሃኑን በራሱ የሚለዋውጠው ኮንትራስት፣ ዓይንን ለመጠበቅ ቀለሙን ወደ ብጫ የሚቀይረው የምሽት ሁኔታና “ደማቅ” የሚባለው ሁኔታ ሁሉ ይጥፉ። ነጩ 6500 ኬልቪን፣ ጋማው 2.2 ላይ ይሁን። በኤችዲኤምአይ ገመድ የተገናኘ ስክሪን ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ከታየ፣ ኮምፒውተሩ የቴሌቪዥን የቀለም ክልል እየላከ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሙሉ ክልል ይለወጥ። ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ሞኒተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅ።

የሪያድ ፀሐይ ብርቱ ናት። መስኮት ከኋላ ከሆነ በስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፤ ከፊት ከሆነ ዓይንን ያደክማል። ስለዚህ መስኮቱ ከጎን ሆኖ መጋረጃው ቢወርድ ይመረጣል። የአምፖሉ ቀለምም በየምሽቱ አንድ ዓይነት ይሁን። በደማቅ ቀለም የተቀባ ግድግዳ የዓይንን ፍርድ ያዛባል። አቧራው በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ፤ አልኮል የስክሪኑን ሽፋን ሊጎዳ ይችላል።

ከሁሉ የተሻለው እርማት ግን በመለኪያ መሣሪያ የሚደረገው ነው። ዳታከለር ስፓይደር በሚል ስም፣ ካሊብራይትም በራሱ ስም የሚያወጧቸው ትናንሽ መሣሪያዎች በስክሪኑ ላይ ተቀምጠው ቀለሙን ይለካሉ፤ ከዚያም ለኮምፒውተሩ የማስተካከያ ፋይል ይሠራሉ። መሣሪያው ለአንድ ሰው ውድ ይመስላል። ሥራው ግን በወር አንድ ጊዜ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ በመሳቢያ ይተኛል። ሐበሻ በዕቁብ ብዙ ነገር አቋቁሟልና፣ አራት ወይም አምስት ወዳጆች አንዱን በጋራ ገዝተው በየተራ ቢጠቀሙበት ለእያንዳንዳቸው ሸክሙ ቀላል ነው። ያም ካልተቻለ በዊንዶውስ ውስጥ ያለው የቀለም ማስተካከያ ከምንም ይሻላል።

ቁጥር እንደማይዋሽም መዘንጋት የለበትም። በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙ ውስጥ የቀለም ንባብ መሣሪያው በፊት ላይ ሲቀመጥ፣ በተለመደው ብርሃን የተነሣ የሰው ፊት ምንም መልክ ቢኖረው፣ ቀዩ ከሁሉ ይበልጣል፤ አረንጓዴው ይከተላል፤ ሰማያዊው ያንሳል። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ ስክሪኑ ምንም ቢያሳይ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ይህን ለማወቅ ምንም ተጨማሪ ወጪ አያስፈልግም።

ወደ አገር ለሚመለስ

ሞኒተሩን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት የሚያስብ ሰው ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብብ። የሳዑዲ የኤሌክትሪክ መስመር 60 ኸርዝ ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። “ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ” የሚል የተጻፈበት ሞኒተር በሁለቱም አገር ይሠራል። በሪያድ የተለመደው ባለ ሦስት ወፍራም ጥርስ መሰኪያ ግን በአገር ቤት ክብ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፤ ገመዱን መቀየር ግን ቀላል ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የቮልቴጅ መጠበቂያ መጨመር ዕቃውን ያተርፋል። የመጀመሪያው ካርቶንና ውስጡ ያለው መደገፊያ እስከ ጉዞው ቀን ይቀመጥ፤ ለስክሪን ከእሱ የተሻለ ማሸጊያ አይገኝም።

እንግዲህ ገንዘብ ሲያጥር ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ አይፒኤስ ፓነል፣ ቀጥሎ ሙሉ ኤስአርጂቢ፣ ከዚያ መለኪያ መሣሪያ በጋራ፣ መጠኑና ውበቱ በመጨረሻ። አንድ መቶ ገጽ ያለው አልበም ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊትም ሁለት ወይም ሦስት ፎቶዎች በትንሽ መጠን ታትመው ይታዩ። በጥቂት ሪያል የሚገኘው ይህ ሙከራ የአልበሙን ሙሉ ዋጋ ከኪሳራ ያድናል፤ በሩቅ ያሉ ወላጆችም የልጃቸውን ፊት እንደሚያውቁት ሆኖ ያገኙታል።